ያልተጠጣ ጠላ

ሮብ ገበያ ስሟ እንደሚለው በሮብ ነው የምትገበያየው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥታችሁ ወደ ጮቄ ተራራ ስትወጡ፣ ብርዱ ጆሯችሁን መቆንጠጥ ሲጀምርና መንገደኛው ሁሉ ተከናንቦ ስታዩት ደርሳችኋል ማለት ነው። የገብስና የድንች አገር ነው፤ የበግም። በ1999 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ በማክሰኞ ቀን፣ የአጎቴን ሚስት ልጠይቅ እዚያ ሄጄ ነበር። ያኔ ገና አስተማሪ ነበርሁና በሻንጣዬ ውስጥ ለተማሪዎቼ ላስተምረው ያሰብሁት አንድ ወፍራም ልቦለድ አለ። ማታ ምድጃ ዳር በኩራዝ ሳነብ አየችኝ።

«ምንድን ነው እንዲህ ያቀረቀረህ?»

«ሰው የሚሞትበት መጽሐፍ ነው እታለም።»

«ሰው የማይሞትበት መጽሐፍ አለ እንዴ?»

«እዚህኛው ላይ ገዳዩ አይታወቅም። የሚፈልገው አንድ መነኩሴ ነው።»

የምትፈትለውን ጥጥ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «መነኩሴ ምን አግብቶት ይፈልጋል? ይነግሩት የለም?»

ሥነ ጽሑፍ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ይህን የመሰለ ጥያቄ ከተማሪ ሰምቼ አላውቅም። ከባልደረባም አልሰማሁም። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ልቦለድ ነው፤ ግን እንደ ሒስ ደንቡ አይሄድልኝም፣ ምክንያቱም ከዚያ ማታ ወዲህ መጽሐፉን ያለ እሷ ላነበው አልቻልሁም።

መጽሐፉ የጣልያናዊው የኡምቤርቶ ኤኮ ነው። ርዕሱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የጽጌረዳ ስም» ይሆናል። ኤኮ በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ጥናት (ሴሚዮቲክስ የሚሉት) ፕሮፌሰር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ይህን የመጀመሪያ ልቦለዱን ሲያሳትም ዕድሜው ወደ ሃምሳ ተጠግቷል። (ለእኛ ለዘገየነው ሁሉ መጽናኛ ነው።) ኋላ ለምን እንደጻፈው ሲናገር፣ አንድ መነኩሴ መመረዝ አምሮኝ ነበር ብሏል። እ.ኤ.አ. በ1986 ፊልም ተሠራበት፤ ሾን ኮነሪ መነኩሴውን ሆኖ የተወነበት ነው። ብዙዎቻችን ያወቅነውም በዚያው በቪዲዮ ካሴት ዘመን ነው።

ታሪኩ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1327 መጨረሻ፣ በሰሜን ጣልያን ተራራ ላይ በሚገኝ አንድ ባለጸጋ ገዳም ውስጥ ነው። ዊልያም የሚባል እንግሊዛዊ የፍራንቸስኮ ማኅበር መነኩሴ፣ አድሶ የሚባል ወጣት ደቀ መዝሙሩን አስከትሎ ይመጣል። የመጣው ለጉባኤ ነበር፤ ግን አንድ የመጻሕፍት ሐረግ ሣይ መነኩሴ ከገደል ሥር ሞቶ ተገኝቷልና አበምኔቱ መርምርልኝ ይለዋል። በሰባት ቀን ውስጥ ሬሳ በሬሳ ላይ ይነባበራል። አንዱ በዐሣማ ደም ጋን ውስጥ ተዘቅዝቆ ይገኛል፣ አንዱ በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ። የነገሩ ሁሉ ሥር አንድ መጽሐፍ ነው። አርስጣጣሊስ ስለ ሣቅ ጻፈው የሚባለውና ከዓለም የጠፋው መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍቱ ሚስጥራዊ ክፍል ተደብቋል። ዮርጌ የሚባል ዐይነ ሥውር ሽማግሌ መነኩሴ፣ ሣቅ የእግዚአብሔርን ፍርሃት ያጠፋል ብሎ ስለሚያምን፣ ገጾቹን መርዝ ቀብቷቸዋል። ጣቱን በምራቁ እያራሰ የገለጠ ሁሉ ይሞታል።

ያ ሚስጥራዊ ክፍል ስሙ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «የአፍሪካ ዳርቻ»! ኤኮ በላቲን ነው የጻፈው። የሚፈራው ነገር ሁሉ የሚቀመጠው አፍሪካ መጨረሻ ላይ ነው። እዚህ ዳርቻው ላይ በዚያው በ1327 ማን ነበረ ቢባል፣ ዐፄ ዓምደ ጽዮን ነግሦ፣ ክብረ ነገሥት ከተጻፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖት፣ የእኛም መነኮሳት ከንጉሥ ጋር እየተጣሉ ይጋዙ ነበር። ኤኮ ይህን አላወቀም ብዬ አልወቅሰውም፤ መነኩሴና ንጉሥ የሚጣሉበት ዘመን እዚያም እዚህም አንድ እንደነበር ግን ልብ ይሏል።

ይህን ሁሉ ለእታለም ተረክሁላት። ስለ አርስጣጣሊስ ዘለልሁ፤ «አንድ የተከለከለ መጽሐፍ» ብዬ አለፍሁት። በጣም ያዳመጠችው እኔ ብዙ ጊዜ በክፍል ውስጥ ቶሎ የማልፈውን ቦታ ነው። ከገደል ሥር የተገኘው የመጀመሪያው ሟች፣ አዴልሞ፣ ማንም አልገደለውም። ከባድ ኃጢአት ሠርቶ በሌሊት ሮጦ ለዮርጌ ይናዘዛል። ዮርጌ ከማጽናናት ይልቅ በገሃነም እሳት ያስፈራራዋል። ልጁ ተስፋ ቆርጦ ራሱን ይወረውራል።

«እንግዲያው ገዳዩ የንስሐ አባቱ ነው» አለች እታለም፣ እኔ ገና ሁለተኛው ሬሳ ላይ ሳልደርስ።

ልክ ናት። ዊልያም ይህን ለማወቅ ስድስት ቀን ፈጅቶበታል። ያውም የደረሰበት በስሕተት መንገድ ነው። ግድያዎቹ የዮሐንስ ራእይን ሰባት መለከቶች ተከትለው የሚሄዱ መስሎት ያንን ሲከተል ትክክለኛው ሰው ጋ ይደርሳል፤ ለካ የመለከቱ ሥርዓት አጋጣሚ ኖሯል። የኤኮ ትልቁ ተንኮል ይህ ነው። ዊልያምን ባስከርቪል ብሎ የሰየመው አለነገር አይደለም፤ የሼርሎክ ሆምስ አድናቂዎች ስሙን ያውቁታል። መርማሪውን ከመርማሪ ልቦለድ አምጥቶ ምልክት ማንበቡን አድንቆለት፣ በመጨረሻ ምልክቶቹ ስለ ዓለም ምንም እንዳልነገሩት ያሳየዋል። ቤተ መጻሕፍቱም ይቃጠላል።

ታዲያ እኛስ? በመካከለኛው ዘመን ሥነ ጽሑፋችን ውስጥ እንዲህ ያለ የነፍስ ግድያ ታሪክ አለን? አለን፤ ያውም ሁሉም ሰው ልጅ ሳለ የሰማው። የቅምሩ በላዔ ሰብእ! ሰባት ሬሳ ምን አላት፤ የበላዔ ሰብእ ሰባ ስምንት ነው። ከሚስቱና ከልጆቹ ጀምሮ። ታሪኩ ያለበት ተአምረ ማርያም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በዐፄ ዳዊት ዘመን ነው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዘ። የተአምራቱ መድብል ሥሩ የአውሮፓ መነኮሳት ዘንድ መሆኑን ስናስብ፣ እታለምና ኤኮ ሩቅ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ይቻላል።

በበላዔ ሰብእ ታሪክ ውስጥ ግን ማን ገደለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እናውቀዋለን። የምንጠብቀው ሚዛኑን ነው፤ በአንድ ወገን ሰባ ስምንት ነፍስ፣ በሌላው ወገን ለተጠማ ቁስለኛ በእመቤታችን ስም የተሰጠ ጥርኝ ውኃ። ውኃዋ ትመዝናለች። ይህን የየካቲት 16 ታሪክ እየሰማ ያደገ ሰው የወንጀል ልቦለድ ሲያነብ ትዕግሥት ቢያጣ አይፈረድበትም። እሱ የለመደው ጥያቄ «ማን?» ሳይሆን «ይማር ይሆን?» የሚል ነው። መነኩሴውም በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ የፈላጊ አይደለም። የሚሰማና የሚደብቅ ነው። ንስሐ ያወጣ ካህን ክህነቱ ይፈርሳል ብሎ ነው ሕዝቡ የሚያምነው።

ፍለጋው የሌላ ሰው ሥራ ነበር። አውጫጭኝ ነበረ፤ አፈርሳታም ይባላል። ነፍስ ሲጠፋ ወይም ከብት ሲሰረቅ የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ስም እስኪወጣ ድረስ ሰው ከእርሻው ተነቅሎ ይቀመጣል፤ ካልወጣም አገሩ በጋራ ይከፍላል። ስሙን በስውር የሚያቀብለው ሰው «ወፍ» ይባል ነበር። ወፍ ነገረን ይባላል፣ ያልቃል። ስለ ሌባ ሻይ አላወራም፤ ሕፃን ልጅ መድኃኒት አጠጥቶ እየነዱ ሌባ መፈለግን እንደ ጥበብ የሚያወሩ ሰዎች ዛሬም አሉ፣ እኔ ግን ሳስበው የሚታየኝ ሕፃኑ ነው። በአውጫጭኝ ግን አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ሥርዓቱ ሁሉ የተሠራው አንድ ሰው ማወቁን አስቀድሞ አምኖ ነው። ምሥጢሩ ያለው ገዳዩ ዘንድ አይደለም፤ ሜዳው ላይ ተቀምጦ ዝም ያለው ሕዝብ ዘንድ ነው።

ይመስለኛል፣ የአማርኛ የወንጀል ልቦለድ ከከተማ መውጣት ያቃተው ለዚህ ነው። ይልማ ሀብተየስን የመሰሉ ጸሐፊዎች በወጣትነታችን ሌሊት አሳድረውናል፤ ማሞ ውድነህ የተረጎማቸው የስለላ ታሪኮችም እንዲሁ። መርማሪው ግን ማንም ማንንም የማያውቅበት ቦታ ይፈልጋል፤ ሆቴል፣ ባቡር፣ ቪላ። ሮብ ገበያ አምጡትና ምን ይሠራል? ሐዲስ ዓለማየሁ፣ የዚሁ የጎዛምን ሰው፣ በ1974 ዓ.ም. ስለ ወንጀል ሲጽፉ መጽሐፋቸውን «ወንጀለኛው ዳኛ» አሉት። በርዕሱ ብቻ ጥያቄውን ገልብጠውታል።

እንዲህ እያልሁ ለእታለም ሳይሆን ለራሴ ሳብራራ፣ ዝም ብላ ቆየችና፣ «እኔም በሚጠጣ ነገር ነው ያወቅሁት» አለች።

ምን እንደምትል ወዲያው ገባኝ። አጎቴ የተገደለው በ1978 ዓ.ም. ነው፤ በአንድ ሮብ ማታ ከገበያ ሲመለስ፣ በጥይት። እኔ ያኔ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ገዳዩ አልታወቀም ተብሎ ነው በቤተሰባችን የሚነገረው። በሳምንቱ ሁለት ሰዎች ተያዙ። አንዱ ከአጎቴ ጋር በድንበር የተጣላ ጎረቤት፣ አንዱ ከሌላ አገር የመጣ እረኛ። ተደብድበው ማርቆስ ተወሰዱና ሰባት ወር ታሰሩ። ማስረጃ አልተገኘም፤ ተለቀቁ። እረኛው እያነከሰ ነው የተመለሰው። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነበር።

«በአርባው ተዝካር ሰው ሁሉ መጣ» አለች። «እኔ ራሴ ነበርሁ የምቀዳው፤ እንዳላለቅስ ብዬ። ሁሉም ተቀብሎ ጠጣ። አንድ ሰው ብቻ ዋንጫውን ከንፈሩ ድረስ አደረሰና መለሰው። አላስቀመጠውም፣ ያዘው። አባ ከጎኑ ነበሩ። ዝም ብለው ዋንጫውን ከእጁ ወሰዱና እሳቸው ጠጡለት። እኔ እንዳላየ ሆኜ ወደሚቀጥለው ሰው አለፍሁ።»

ለከተማ አንባቢ ላብራራ። ደመኛ ከደመኛው ቤት እህል ውኃ አይቀምስም። ወንጀሉን የደበቀ ሰው እንኳ ይህን አይደፍርም፤ ሰውን ይዋሻል እንጂ እህልን አይዋሽም። ተዝካሩ ላይ መቅረት ደግሞ ራስን መግለጥ ነው። ስለዚህ ይመጣል፣ ይቀበላል፣ አይጠጣም። አባ የምላቸው መነኩሴ፣ ሚስታቸው ስትሞት የመነኮሱ ቄስ፣ የሁለቱም ቤት የንስሐ አባት ነበሩ። እታለም በአንድ ዋንጫ ሁለት ነገር አወቀች፤ ማን እንደገደለና ማን እንደሚያውቅ። ዊልያም ከባስከርቪል በስድስት ቀን፣ በመነጽርና በሦስት ቋንቋ ያላደረገውን ነው።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ትልቁ ልጄ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ጠመንጃው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ብናገር፣ ዛሬ ያንተን መጽሐፍ የምሰማ ይመስልሃል? ወህኒ ቤት ስንቅ አመላላሽ ነበርሁ። ወይ መቃብር ላይ።»

እዚህ ላይ እንዳቆም የሚፈልግ አንባቢ ይኖራል። አስተዋይ እናት፣ የቆመ ደም፣ አለቀ። እኔም ያን ማታ እዚያ ላይ ብቆም በወደድሁ፤ ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት የመምህርነት ልማድ... አጋነንሁ፣ ያኔ ገና ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ብቻ ጠየቅኋት።

«ሁለቱ የታሰሩትስ?»

እሳቱን ቆሰቆሰች። «ለእረኛው እናት በየወሩ ገብስ እልክ ነበር» አለች። «አባ ደግሞ ሁለት ጊዜ ማርቆስ ወርደዋል። ‹እነዚህ ሰዎች አልገደሉም› ብለው መሰከሩ። ‹ታዲያ ማን ገደለ?› ሲሏቸው ዝም። ‹አንቱ በምን አወቁ?› ሲሏቸው ዝም። ሽማግሌ ናቸው ብለው መለሷቸው።»

ያን ሌሊት ብዙም አልተኛሁ። አባን ልወዳቸውም ልጠላቸውም አልቻልሁም። ሰባት ወር ንጹሕ ሰው ሲታሰር አንድ ስም ብቻ ጉሮሯቸው ላይ ይዘው ቅዳሴ ይቀድሱ ነበር። ያ እግሩ የተሰበረ እረኛ በማን ሚዛን ላይ ነው ያለው? በበላዔ ሰብእ ሚዛን ላይ ሰባ ስምንቱ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። ታሪኩን ስንሰማ ውኃዋ እንድትመዝን እንጓጓለን፤ ስትመዝንም እልል እንላለን። የሰባ ስምንቱ ወላጆች በዚያ ቀን የት እንደቆሙ ማናችንም ጠይቀን አናውቅም። ሃይማኖቱን መንካቴ አይደለም፤ የምሕረትን ነገር ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ አሉ። የማወራው ስለ ሰሚዎቹ፣ ስለ እኛ ነው።

ግን የእኛን መነኩሴ በኤኮ መነኩሴ ልፈርድበት ብነሣ፣ መጽሐፉ ራሱ አይረዳኝም። ከዚያ ሌሊት በኋላ ደግሜ ሳነበው ያየሁት ይህን ነው። በልቦለዱ መካከል በርናርድ ጊ የሚባል መርማሪ ይመጣል። (በታሪክም የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1331 የሞተ ሰው ነው።) ሦስት ሰዎች ይይዛል፤ የገዳሙን መጋቢ፣ አንድ ምስኪን መነኩሴና አንዲት ርቧት የመጣች የገጠር ልጅ። ግድያውን እነሱ እንዳልፈጸሙት ዊልያም ያውቃል። ምን ያደርጋል? ምንም። ልጅቱ የምትጮኸውን የገጠር ቋንቋ እንኳ የሚሰማት የለም። አድሶ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የወደዳት ሴት ናት፤ ስሟን አያውቀውም። መምህሩ «ከእንግዲህ የተቃጠለ ሥጋ ናት» ይለዋል በሚመስል አነጋገር ተስፋ ያስቆርጠውና ወደ ምርመራው ይመለሳል። ወደ መጽሐፉ!

ፊልም ሠሪዎቹ ይህን መሸከም አልቻሉም። በፊልሙ ላይ ልጅቱ ትድናለች፤ ገበሬዎቹ ተነሥተው በርናርድ ጊን ይገድሉታል። ሲኒማ ቤት ውስጥ ደስ ይላል። በልቦለዱ ግን በርናርድ ጊ እስረኞቹን ጭኖ በሰላም ይሄዳል። በዚህ ኤኮን አከብረዋለሁ፤ ከወቅሁትም በአንድ ነገር ነው፤ ራሱም እንደ ዊልያም ልጅቱን ቶሎ ረስቶ፣ አምስት መቶ ገጽ ስለ መጽሐፍ መቃጠል ያስለቅሰናል። የሚናገረው መነኩሴም ዝም ያለው መነኩሴም፣ ንጹሑ ሰው ሲወሰድ በር ላይ ቆመዋል። ልዩነቱ አባ ሁለት ጊዜ ተራራውን መውረዳቸው ነው። ያውም በእግር። ይህ ይበቃል? ለእረኛው አልበቃም።

እታለም ስለ መጽሐፉ መጨረሻ ያለችውን ረስቼው ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ እንደተቃጠለ ስነግራት አላዘነችም። «እነዚያ የሞቱት ልጆች እናት የላቸውም?» አለች። በመጽሐፉ የለም አልኋት። አድሶ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ፍርስራሹ ተመልሶ የተረፈ ብጥስጣሽ ብራና በከረጢት መልቀሙን ነገርኋት። «ብራናውን ለቀመ» አለችና ጥጧን አነሣች።

ስሙን አልነገረችኝም። አልጠየቅኋትም ብል ውሸት ነው፤ ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት። ሁለተኛውን ጊዜ የጠየቅኋት በማግስቱ፣ ሮብ፣ አብሬያት ገበያ ስወጣ መንገድ ላይ ነው። መልስ አልሰጠችኝም። ገበያው ጢም ብሎ ሞልቷል። በግ የሚጎትተው፣ ድንች የሚዘረግፈው፣ ጨው የሚለካው። እኔ ዕድሜውን ማስላት ጀመርሁ፤ በ1978 ጎልማሳ የነበረ ዛሬ ስንት ይሆነዋል? በርኖስ የለበሰ ሽማግሌ ሁሉ አጠራጠረኝ። አንዱ እጁ ይንቀጠቀጣል። አንዱ እታለምን ሲያይ አንገቱን ሰበረ። ሌላው ከሩቅ ቆብ አነሣላት። ለሦስቱም «እንዴት ሰነበትህ፣ ልጆች ደኅና?» አለች፤ በአንድ ዐይነት ድምፅ። ካንደኛው ገብስ ገዛች፣ ዋጋ ተከራክራ።

ዘወር ብላ አየችኝ።

«ዐይንህን ሰብስብ» አለችኝ፤ ገብሱንም አሸከመችኝ።